«ጉልህ ልዩነት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአማርኛ ትምህርት ላይ የሚቀርቡ ሙከራዊ ጥናቶችን የሚያነብ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ያገኛል፤ «በሙከራና በቁጥጥር ቡድኖች አማካይ ውጤት መካከል ጉልህ ልዩነት ታይቷል» የሚል። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አስተያየት ነው፤ መምህራን በዚህ ዘዴ ያስተምሩ፣ መማሪያ መጻሕፍትም በዚሁ ይቃኙ የሚል። ከውጤቱ ወደ አስተያየቱ የሚያሻግረን ስሌቱ ሳይሆን «ጉልህ» የሚለው ቃል መሆኑን ማሳየት የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ነው።

በአማርኛ ጉልህ ማለት የጎላ፣ ከሩቅ የሚታይ ማለት ነው፤ ጉልህ ስሕተት፣ ጉልህ ድርሻ እንላለን። በስታቲስቲክስ ግን ቃሉ የተሰጠው ፍቺ ሌላ ነው። ቲ-ቴስት የሚጠይቀው፣ በእውነቱ ልዩነት ባይኖር ኖሮ የተገኘውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ስንት ይሆን ነበር ብሎ ነው። መልሱ ከ0.05 ካነሰ ልዩነቱ «ጉልህ» ይባላል። ይህም ወሰን ቢሆን የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ አመቺ ነው ብሎ ያቀረበው፣ በልማድ የጸና ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከ100 በሚታረም ፈተና የሁለቱም ቡድኖች መደበኛ ልይይት 10 ነው እንበል። በየቡድኑ 1000 ተማሪዎች ኖረው አማካዮቹ በ1 ነጥብ ብቻ ቢለያዩ የቲ ዋጋ 2.24 ገደማ ይሆናል፤ ልዩነቱም «ጉልህ» ነው። በየቡድኑ 15 ተማሪዎች ኖረው አማካዮቹ በ6 ነጥብ ቢለያዩ ግን የቲ ዋጋ 1.64 ገደማ ይሆንና «ጉልህ ልዩነት የለም» ተብሎ ይጻፋል። ይህም በውይይቱ ክፍል «ጉልህ» የሚለው ቃል ተዘንግቶ «ልዩነት የለም» ወደሚል ይለወጣል። እንግዲህ 1 ነጥብ ያስገኘው ዘዴ ይመሰገናል፤ 6 ነጥብ ያስገኘው፣ በብዙ ተማሪዎች ላይ እንደገና ሊፈተን ሲገባው፣ ይጣላል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ንባቡ ነው።

ቃሉ ሙያዊ ስለሆነ ባለሙያው አይሳሳትበትም የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ይኸው የዕድል መጠን የልዩነቱን ትልቅነትም ሆነ የውጤቱን ጠቃሚነት እንደማይለካ ለራሳቸው ለተመራማሪዎች ማሳሰብ አስፈልጎታል። አስተያየቱን ተቀብሎ ክፍል የሚገባው መምህር ደግሞ ቃሉን የሚያነበው በአማርኛ ፍቺው ነው።

ስለዚህ «ጉልህ» የሚለውን ቃል ብቻውን ከመጻፍ ይልቅ የተማሪዎቹን ብዛት፣ አማካዮቹን፣ መደበኛ ልይይቱንና የልዩነቱን መጠን አብሮ ማቅረብ ይገባል። ጄከብ ኮኸን እንዳሳየው የአማካዮች ልዩነት ለመደበኛ ልይይት ሲካፈል መጠኑ ይታወቃል፤ በምሳሌያችን የመጀመሪያው 0.1፣ ሁለተኛው 0.6 ነው። በኮኸን መለኪያ 0.2 አነስተኛ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ከፍተኛ መሆኑን ስናስብ የትኛው የጎላ እንደሆነ ግልጽ ነው።

በግጥም ውስጥ የአንዲትን ቃል ፍቺ ለማግኘት ገጾች የምንጽፍ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች፣ ሰንጠረዥ ሥር የተጻፈችውን ቃል ሳንመረምር ማለፋችን አግባብ አይደለም። ሰንጠረዥም እንደ ግጥሙ የሚነበብ ጽሑፍ ነው።