የአራተኛው ማክሰኞ መርፌ

ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ወዳለበት ቤት ስገባ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ልጁ ልብ አይደለም። «መርፌውን ለማስወጋት ማን ይወስደዋል?» እላለሁ። እናቱ ከሆነች ያን ቀን ከምን ሥራ እንደምትቀር፣ ሕፃኑን ማን እንደሚይዝላት እጠይቃለሁ። በልደታ ክፍለ ከተማ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያነት ቤት ለቤት ስዞር የተረዳሁት ነገር ቢኖር መድኃኒቱ ርካሽ መሆኑን ነው። ውዱ፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ቤተሰቡ የሚከፍለው የሥራ ቀን ነው።

ሕመሙ ከጉሮሮ ይነሳል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያመጣውን የጉሮሮ ሕመም፣ ሰፈራችን በጅምላ «ቶንሲል» የሚለውን፣ በጊዜው ያልታከመ ልጅ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ሊይዘው ይችላል። ሰውነቱ ባክቴሪያውን እዋጋለሁ ሲል የራሱን የልብ ቫልቭ ያቆስላል። ጉሮሮው በድጋሚ በታመመ ቁጥር ቁስሉ ይታደሳል፣ ጠባሳውም ይወፍራል። ባክቴሪያው ተፋፍጎ መኖርን ይወዳል። በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ወላጅ፣ ልጆችና አያት አብረው በሚያድሩበት ግቢ አንዱ ሲያስል ሌላው ይከተላል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ብሎ ልጁን እንጥል ቆራጭ ዘንድ ይወስደዋል። መቆረጡ ባክቴሪያውን አያጠፋውም፤ ይልቁንስ የደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምርበታል። ጤና ጣቢያ ቢሄድ ግን አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን መድኃኒት ይበቃው ነበር።

ልቡ አንዴ ከተነካ በኋላ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መወጋት አለበት፤ ቢያንስ ለ10 ዓመት። የቫልቭ ጉዳት ያለበት ደግሞ እስከ 40 ዓመቱ ሊዘልቅ ይችላል። ይህን ለአንዲት እናት በአንድ ቀን መንገር ጭካኔ ነው። እኔ የዘንድሮን ቀጠሮ ብቻ እናውጣ እላታለሁ።

ቀጠሮ የሚረሳው ካርድ ላይ ብቻ ተጽፎ ሲቀር ነው። ብዙ እናቶች የሚያስታውሱት በበዓል ነው፤ ወር በባተ በልደታ ዕለት ልጁን ይዘው ይሄዳሉ። ከመርሳት ይሻላል፤ ግን ክፍተቱ 28 ቀን መሆኑ ቀርቶ 30 ይሆናል። ጳጉሜን ሲጨመር ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 1 ድረስ 35 ቀን ያልፋል፤ ያኔ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ተሟጦ ልጁ ያለ መከላከያ ይቆያል። ስለዚህ የሳምንት ቀን አስመርጣለሁ። ማክሰኞ ከተጀመረ በየአራተኛው ማክሰኞ ነው፤ የእናትየው የገበያ ቀን እንዳይሆን፣ የልጁም ፈተና እንዳይነካ ተማክረን። ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ቀኖቹን የሚያከብበው ልጁ ራሱ ነው።

መርፌው ያማል። ፈሳሹ ወፍራም ነው፣ ጡንቻ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ልጁ ቀኑ ሲደርስ ቢደበቅ አይፈረድበትም። እናቶች ምን መጠየቅ እንደሚችሉ እነግራቸዋለሁ፦ ብልቃጡ አስቀድሞ በእጅ እንዲሞቅ፣ መድኃኒቱ ቀስ ተብሎ እንዲገፋ፣ ሐኪሙ ከፈቀደም ማደንዘዣ እንዲቀላቀልበት። አለርጂ ፈርቶ «እኛ ጋ አንወጋም» ብሎ የሚመልስ ጤና ተቋምም ያጋጥማል። የመጀመሪያውን ቀን አብሬ የምሄደው ለዚህ ነው። ተመልሳ የመጣች እናት ሁለተኛ ለመውጣት ጉልበት አይኖራትም።

ጠበል የጀመረ ቤተሰብ መርፌውን ሊተው ሲያስብ አልከራከርም። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በአደባባይ መናገራቸውን አስታውሳቸዋለሁ። ጎረቤት ያሉ ንስሐ አባት ሲደግሙት ደግሞ ከእኔ ቃል ይልቅ ይሰማል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሰፈር ሲነሳ ነው። ልደታ ለመልሶ ማልማት ብዙ ነዋሪዎቹን ወደ ከተማው ዳር ሸኝቷል። ዕቃ ሲጫን ካርዱ ይጠፋል፤ አዲሱ ሰፈር ያለው ባለሙያም ልጁን አያውቀውም። እናም ከመነሳታቸው በፊት የመጨረሻውን መርፌ ቀን፣ የመድኃኒቱን መጠንና የሚቀጥለውን ቀጠሮ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ፤ በእናትየው ስልክም ፎቶ እናነሳዋለን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያቸው መታደሱን፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ከሆኑም ስማቸው አብሮ መዛወሩን እናያለን። ይህ ሕክምና አይመስልም፤ ግን መርፌውን የሚያስቀጥለው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ነገሮች ተጀመሩ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ የደከሙለት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ሥራ ጀመረ። ማዕከሉ የልጆችን ልብ በቀዶ ሕክምና ይጠግናል፤ ግን ተራ የሚጠብቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ወረፋውን በቀዶ ሐኪሞች ብዛት ብቻ አናሳጥረውም። የሚያሳጥረው ጉሮሮው በጊዜው የታከመና መርፌው ያልተቋረጠበት ልጅ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለሐኪም ብቻ አይደለም። ልብስ የምታጥብላችሁ፣ እንጀራ የምትጋግርላችሁ፣ ሱቃችሁን የምትጠብቅላችሁ ሴት «ልጄን ላስወጋ» ስትላችሁ በየአራት ሳምንቱ ግማሽ ቀን ፍቀዱላት፤ ደመወዟንም አትቁረጡባት።