ከመደርደሪያው ውጪ፦ መክሊት ሀደሮና የዘውግ ጥያቄ

በ2009 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ለግራሚ ሽልማት በአንድ ዘርፍ ከታጩት አምስት ሥራዎች ሁለቱ ኢትዮጵያ ተወልደው አሜሪካ ያደጉ ድምፃውያን ሥራዎች ነበሩ፤ የኬናና የወይና። ዘርፉ «ኧርባን/ኦልተርኔቲቭ» ይባል ነበር። አር ኤንድ ቢ እንዳይሉት ሮክ ሮክ የሚል፣ ሂፕ ሆፕ እንዳይሉት ወደ ጃዝ የሚያዘነብል ሥራ የሚጠጋበት ጥግ መሆኑ ነው። በ2003 ተከፈተ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ሁለቱም ሽልማቱን አልወሰዱም፤ እዚያ ጥግ ላይ መገናኘታቸው ግን እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

የኬና ታሪክ ከዘፈኖቹ በላይ የታወቀ ነው። ማልኮም ግላድዌል በ2005 ባሳተመው «ብሊንክ» መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ በስሙ ሰይሞለታል። ዘፈኖቹን የሰሙ የኩባንያ ኃላፊዎችና አንጋፋ ሙዚቀኞች ወደዱለት፤ የገበያ ጥናት መጠይቅ የሞሉ አድማጮች ግን ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጡት፤ ሬዲዮኖቹም ከየትኛው ዝርዝራቸው እንደሚያስገቡት ግራ ገባቸው። ወይና ደግሞ በክሊንተን ዘመን በዋይት ሀውስ በጸሐፊነት ከሠራች በኋላ ዘፈኖቿን ራሷ እየጻፈች፣ ራሷ እያሳተመች የቆየች ናት። እጩነቱ የመጣላት ግን የራሷ ባልሆነው፣ ቀድሞ የሚኒ ሪፐርተን በነበረው «ላቪንግ ዩ» ነው። ዘፈን ደራሲ በሰው ዘፈን ሲታወቅ ከማየት የበለጠ የሚያስተዛዝብ ነገር የለም።

የዚህ ዳሰሳ ትኩረት ከእነዚህ ሁለቱ ቀጥላ የመጣችው መክሊት ሀደሮ ናት። ስለ እሷ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው አብዛኛው አስተያየት በሁለት ቃላት ዙሪያ ይሽከረከራል፤ «ውህደት» እና «ማንነት»። ሁለቱም ዘፈኖቹ ለምን እንደሚይዙ ወይም ለምን እንደሚያመልጡ አይነግሩንም። ፎክ፣ ጃዝ፣ ሂፕ ሆፕና የሀገር ቤት ዜማ በአንድ ሰው እጅ ሲገቡ፣ መጠየቅ ያለበት ልብሱ ሲለወጥ ምን ሳይለወጥ ይቀራል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የእኛ የሙዚቃ ልማድ የተሻለ መሣሪያ አለው።

ሀገር ቤት ባለሙያ ዘፈንን ሲለይ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቅኝቱን ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ቀጥሎ ምቱን ይጠይቃል። መሣሪያው የኋላ ነገር ነው። ትዝታን አዝማሪው በመሰንቆ፣ ባለክራሩ በክራር፣ ማሕሙድ አህመድ በባንድ ታጅቦ፣ ሙላቱ አስታጥቄም ያለ ድምፃዊ በመሣሪያ ብቻ ሲጫወቱት «ይህ ሌላ ዘውግ ነው» ብሎ የተከራከረ ሰው አላውቅም። አሜሪካዊው የሙዚቃ ሱቅ አራቱን አራት መደርደሪያ ላይ ይበትናቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ ቅኝት ሁሉን አይፈታም፤ ሬጌና ሮክ ሲገቡበት የምት ጥያቄው ይከብዳል። ቢሆንም ከሱቅ ስም ይልቅ ወደ ዘፈኑ አካል ያስጠጋል።

በሌላ በኩል ልማዳችን አንድ ሰው ሁሉን ሲሠራ ለማየት ብዙም አልለመደም። የካሴት ልባስ ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ በየስሙ ይጻፋል፤ ድምፃዊው የሌሎችን ሥራ ወደ ሕዝብ የሚያደርስ ነው። ከዚያ በፊት አዝማሪው ሁሉንም በአንድ አፍ ይዞት ነበር፤ ከካሴቱ ዘመን ወዲህም ዘሪቱ ከበደና ቴዲ አፍሮ፣ በ2018 «ነፀብራቅ» የተሰኘ አልበሙን ያወጣው ሮፍናንም ያንን መልሰው አቀራርበውታል። ነገር ግን የሥራ ክፍፍሉ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ገጣሚው ዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪው ሁለቱን «ይህ አይሄድም» ይላቸዋል። ብቻውን የሚጽፍ ሰው ይህን የሚለውን ከየት ያመጣል? መክሊት መልሱን ያገኘችው ከባልደረቦቿ ይመስለኛል።

በ1980 አዲስ አበባ የተወለደችው መክሊት በሕፃንነቷ ከቤተሰቦቿ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደች። አዮዋ፣ ብሩክሊንና ፍሎሪዳ አደገች፤ በዬል ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካል ሳይንስ ተማረች፤ ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ገብታ «ሬድ ፖፒ አርት ሀውስ» በተባለች አነስተኛ የሥነ ጥበብ ቤት እየሠራች ዘፈን መጻፉን ያዘች። የመጀመሪያ አልበሟ በ2010 ወጣ። በ2011 አዲስ አበባ ላይ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኙ፤ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ ሙላቱ እሱ የጀመረውን ከመድገም ይልቅ ለኢትዮ ጃዝ የራሷን ድርሻ እንድታመጣ አጥብቆ ነግሯታል። ይህን ምክር የሰማ ወጣት ሙዚቀኛ ብዙ ነው፤ ወደ ዘዴ የለወጠው ጥቂት ነው።

ዘዴዋ ጎልቶ የሚታየው በ2015 በቴድ መድረክ ስለ ዕለት ተዕለት ድምፆች ካደረገችው ንግግር ላይ ነው። እዚያ የምታሳየው ዘፈን ከመዘፈኑ በፊት በአካባቢያችን እንዳለ ነው፤ በወፍ፣ በሰው ንግግር፣ በዝምታም ውስጥ። ከአማርኛ የምታመጣው ምሳሌ እናቶች ቡና ላይ ሲጨዋወቱ የምንሰማው ዓይነት ነው፤ «እንዴ!» ትላለች። የቃሉን ትርጉም ወደ ጎን ትታ አወጣጡንና አወራረዱን ብቻ ስታሰማ፣ ባስ ያንኑ የአነጋገር ቅላጼ ይከተለዋል።  ንግግሩ የባስ መስመር ሆኗል፤ ከዚያ ላይ ዘፈን መገንባት ይቻላል።

ይህ ነገር ቀላል ጨዋታ አይደለም። አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ በጠንካራ የቃል አጽንዖት አይሄድም፤ የሚሄደው በመጥበቅና በመላላት ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ሲጠብቅ ከበሮ የሚመታለት በዓል ነው። ዜማ ደራሲ ይህን ካልጠበቀ አድማጭ ግጥሙን ያጣዋል፤ የእኛ ዘፈን ተነባቢ ላይ የሚቆየው፣ ቃሉን ዘግይቶ የሚያሳርፈው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መክሊት ይህን የመጠበቅ ጠባይ ወደ እንግሊዝኛ ግጥሟ ወስዳዋለች። የእንግሊዝኛው አጽንዖት ከሚጠብቀው ቦታ ትንሽ ቀድማ ወይም ትንሽ ዘግይታ ታርፋለች፤ የቃሉን መጨረሻ ከማስረዘም ይልቅ መሐሉን ትይዘዋለች። ጊታር ብቻዋን ይዛ በፎክ ስልት ስትዘፍንም፣ ከኋላዋ ነሐስ ሲነፋም ይህ አያያዝ አብሯት አለ። በእኔ ግምት ሥራዎቿን የሚያስተሳስረው ይህ ነው፤ ተቺዎቿ በኢትዮጵያዊ መሣሪያ ውስጥ ሲፈልጉት የነበረው እንግሊዝኛው ውስጥ ተቀምጦ ቆይቷል።

ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችውን ለማየት ወደ ሁለት ሥራዎች ልለፍ። በ2012 ከራፐሮቹ ገብርኤል ቴዎድሮስና በርንትፌስ ጋር «ኮፐርዋየር» በሚል ስም «ኧርዝባውንድ» የተባለ አልበም አወጡ። ጊዜው 2089 ነው፤ ከሕዋ የመጡ ተጓዦች ምድር ላይ ያርፋሉ። የሳይንስ ልቦለድ የለበሰ ሂፕ ሆፕ ነው፤ ከከዋክብት ብርሃን መረጃ ወደ ድምፅ የተለወጡ ነገሮች ሁሉ ገብተውበታል። ሐሳቡ ከዘፈኖቹ ይበልጣል ባይ ነኝ። በስደት ያደጉ ሦስት የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ምድር መመለስን የሚያስቡበት መንገድ ይስባል፤ ዜማዎቹ ግን ታሪኩን በመሸከም ተጠምደው ብቻቸውን ለመቆም ይቸገራሉ።

የአባይ ፕሮጀክት ከዚህ የተለየ ነው። በ2011 ከግብፃዊው የሙዚቃ ምሁር ሚና ጊርጊስ ጋር የመሠረተችው ይህ ሥራ የአባይን ተፋሰስ ሀገሮች ሙዚቀኞች አንድ መድረክ ላይ አምጥቷል፤ በ2013 አስዋን ላይ ተሰባስበው በከተማዋ ስም የሚጠራ አልበም ሠርተዋል። ዘመኑ የሕዳሴ ግድብ ግንባታ ተጀምሮ ካይሮና አዲስ አበባ በክፉ የሚተያዩበት ነበር። ስለ ውሃው የተባለው ብዙ ነው፤ እኔን የሚስበኝ ግን የቅኝቱ ጣጣ ነው። የግብፅ መቃም በሙሉና በግማሽ ድምፅ መካከል የሚያርፉ ርቀቶች አሉት፤ የእኛ ቅኝት ባለ አምስት ድምፅ ነው። ባለ ዑዱና ባለ ክራሩ አብረው ለመጫወት አንዱ የሌላውን ሚዛን በጆሮው መማር ነበረበት፤ ማንም የቅኝቱን ሕግ ጥሎ ወደ ሦስተኛ ቦታ አልሄደም። «ውህደት» የሚለው ቃል የሚያድበሰብሰው ይህንን የድካም ሥራ ነው። አንድ ዘፈን ጸሐፊ ለጥቂት ዓመታት ይህን ሲያይ ከቆየ፣ በኋላ በራሱ ዘፈን ላይ የሚያስገባው መሣሪያ ጌጥ ሊሆንለት አይችልም።

ይህ ፍሬ ያፈራው በ2017 በወጣው አልበም ነው፤ ርዕሱ ሰው ሲንቀሳቀስ ሙዚቃውም አብሮት ይንቀሳቀሳል የሚል ነው። አዘጋጁ ዳን ዊልሰን ነበር፤ አንድሩ በርድ ቫዮሊኑን፣ የኒው ኦርሊንሱ ፕሪዘርቬሽን ሆል ጃዝ ባንድ ነሐሱን አምጥተዋል። ስሞቹን ብቻ ለሚያይ ሰው ለገበያ የተደረደሩ እንግዶች ይመስላሉ። ነሐሱን ግን ጠጋ ብለን እናዳምጠው። አዲስ አበባ ነሐስን ያገኘችው በወታደራዊ ባንድ በኩል ነው፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከአሠልጣኛቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር፣ የዚያ ታሪክ አንድ ትልቅ ምዕራፍ ናቸው። ከዚያ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መጡ፤ የ1960ዎቹ ዘፈን የተወለደው በእነሱ ጉያ ነው። የኒው ኦርሊንስ ነሐስም ከሰልፍና ከወታደር ባንድ ወጥቶ ወደ ቀብርና ወደ ጭፈራ የገባ ነው። ሁለቱ ከተሞች ከአንድ ዓይነት የሰልፍ መሣሪያ ተነሥተው ወደ ተለያየ ትካዜና ደስታ ሄደዋል። በዚህ አልበም ሲገናኙ የሚሰማው መግባባት ከዚያ የመጣ ነው፤ አዘጋጁ የፈጠረው አይደለም። «ዚስ ዋዝ ሜድ ሂር» በሚለው ዘፈን ላይ ያለው ድፍረት ይህን ዝምድና የተረዳ ይመስላል። አልበሙ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ቅንብሩ በጣም ስለተወለወለ ድምፅዋ የለመደችውን የንግግር ሸካራነት ያጣል።

እንደ መክሊት ያለ ትልቅ ኩባንያ ለሚሠራ ሙዚቀኛ የሚሰጠው «ራሱን የቻለ» የሚለው ቅጽልም ማብራሪያ ይፈልጋል። በእኛ ሀገር ሸክላ ማስገባትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተፈቀደበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ክልከላውን ጥሶ የራሱን ሸክላ ማውጣት ጀመረ። ራስን መቻል ማለት ያኔ ከመንግሥት ፈቃድ ማምለጥ ነበር። በ2019 ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲከፍቱ ደግሞ ትግሉ ከቅጂ ሌባና ከአሳታሚ ጋር ሆኗል። የመክሊት ራስን መቻል ከሁለቱም ይለያል። አንጋፋ ኩባንያ አልያዛትም፤ ይሁን እንጂ በሥነ ጥበብ ማዕከላትና በቴድ ዓይነት የባልደረብነት ፕሮግራሞች መካከል ቆማ ነው የሠራችው፤ ራሷም በሳን ፍራንሲስኮው የየርባ ብዌና ማዕከል በፕሮግራም ኃላፊነት አገልግላለች። ይህ ከሬዲዮ ዝርዝር ጥገኝነት ያወጣል፤ በሌላ በኩል ግን ሥራን ለድጋፍ ሰጪ በሚገባ ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ ያመጣል። አንዳንድ ፕሮጀክቶቿ ገና ሳይዘፈኑ ተብራርተው ያለቁ የሚመስሉት ከዚህ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። የራሷ የሆኑት ዘፈኖች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። አማርኛ ስትዘፍን ደግሞ ግጥሙ በአብዛኛው የሕዝብ ነው። «አባይ ማዶ» እና በ2014ቱ አልበም ላይ ያለው፣ የተከመከመ ጎፈሬ የሚወደስበት «ከመከም» ነባር ዘፈኖች ናቸው። በ2025 በስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ በኩል ያወጣችው «ኤ ፒስ ኦቭ ኢንፊኒቲ» እነዚህን የመሰሉ ነባር ዜማዎች እንደገና የተሠሩበት ነው። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ማየት ስህተት ነው፤ በሕፃንነቱ የወጣ ሰው ከሕዝብ ግጥም መጀመሩ ጨዋነት ነው። ትዝታንም ብንወስድ፣ የእኛ ትዝታ ዘፋኝ የሚያነሣው አብሮት የነበረን ሰው ወይም ቀዬ ነው፤ እሷ የምታነሣው ከወላጆቿ የወረሰችውን፣ ራሷ ያልኖረችውን ነው። «የስተርዴይ ኢዝ ኤ ትዝታ» የሚለው ዘፈኗ ይህን ልዩነት በርዕሱ ይዞታል፤ በትዝታ ዘፈን ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር ነው፤ የሀገር ቤት ተቺ ሊያየው ይገባ ነበር።

የአማርኛ ዘፈን ግን ግማሽ አካሉ ግጥሙ ነው። ሰምና ወርቁ፣ በአንድ ቃል ሁለት ሰው መንካቱ፣ ቤት ሲመታ አድማጩ «እሰይ» ማለቱ በባስ መስመር አይተካም። መክሊት የንግግሩን ዜማ ወደ እንግሊዝኛ አሻግራለች፤ የግጥሙን ብልሃት ገና አላሻገረችም። ሙላቱ የጠየቃት ድርሻ በመሣሪያ በኩል ተመልሷል ብዬ አምናለሁ፤ በቃል በኩል እስካሁን የሚመልስላት የሕዝቡ ግጥም ነው።