የእግዚአብሔር ዝምታ በካርቲየ 7 ቢስ፦ መንፈሳዊ ድርቀት በካቶሊካዊ ሕይወትና በስደት

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ስለሚደርቅበት፣ እግዚአብሔርም ፊቱን ያዞረ መስሎ ስለሚሰማበት ጊዜ ለዘመናት ስታስተምር ኖራለች። የትምህርቱ ምንጮች ግን በአብዛኛው ከገዳም ቅጥር የወጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ የጸሎት ሰዓት የተቆረጠላቸው፣ ቅዳሴ የማይታጎልባቸው፣ የሚናዘዙለት የነፍስ አባት ያላቸው መነኮሳትና ደናግል ነበሩ። ይህ ዳሰሳ ትምህርቱን ከዚያ አውጥቶ ወደ ጅቡቲ ከተማ፣ ወደ ካርቲየ 7 ቢስ ይወስደዋል፤ በሰው ቤት ተቀጥራ በምትሠራ ኢትዮጵያዊት ካቶሊክ ሕይወት ፊትም ይመረምረዋል። መከራከሪያዬ የሚከተለው ነው፦ የመንፈሳዊ ድርቀት ትምህርት ለስደተኛዋም ይሠራል። ሆኖም እግዚአብሔር የፈቀደው ዝምታና ሰው ያመጣው እጦት ሳይለዩ ከተሰበከ፣ የተጎዳችውን መልሶ ይጎዳታል።

ሰፈሩና ሰንበቱ

ኢትዮጵያንና ጅቡቲን ያቆራኘው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ የከባድ መኪና ሾፌሩና የቤት ሠራተኛዋ በዚህ መስመር ሲመላለሱ ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ የመን ለመግባት የሚመጣው ወጣት ተጨምሯል። ስንቁ አልቆበት ወይም ልቡ ፈርቶ ከተማዋ ላይ ቀን የሚገፋው ብዙ ነው። በቁጥር ከሚጠሩት የከተማዋ ሰፈሮች አንዱ በሆነው በካርቲየ 7 ቢስ የዚህ ሁሉ ጉዞ ትርፍና ኪሳራ አብሮ ይኖራል።

ካቶሊኮች በጅቡቲ እጅግ ጥቂት ናቸው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1914 በሐዋርያዊ አስተዳደር ደረጃ ተቋቁማ በ1955 ሀገረ ስብከት ሆነች፤ ካቴድራሏም የመልካሙ እረኛ እመቤታችን ይባላል። ከ2001 እስከ 2024 ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጆርጆ በርቲን የሞቃዲሾንም ሀገረ ስብከት በአደራ ይዘው ነበር። በዚያች ከተማ ጳጳሱ አቡነ ሳልቫቶሬ ኮሎምቦ በጁላይ 1989 በካቴድራላቸው ውስጥ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ተገድለዋል፤ ካቴድራሉም ኋላ በጦርነት ፈርሷል። የጅቡቲ ካቶሊክ እምነቱን በሰላም ይይዛል፤ ከጎኑ ግን መንበሯ የፈረሰ፣ ምእመናኗ የተበተኑ ቤተ ክርስቲያን አለች።

በአገሩ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው። በየቤቱ ለምትሠራ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አገሯ ሳለች ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን ለብሶ የሚወጣበት ቀን፣ እዚህ ልብስ የሚታጠብበትና ወለል የሚወለወልበት ቀን ሆኗል። ቅዳሴው ላይ ብትደርስም በላቲን ሥርዓት የሚከናወን ነው፤ ዋና ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ነው።

እንዲህ ያለችውን ሴት ማታ በክፍሏ እናስባት። ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል፤ ምስማሩ ላይ ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ይለቅቃል። ከመስጊዱ የዒሻ አዛን ሲሰማ ጎረቤቶቿ በአንድነት ወደ ጸሎት ይሄዳሉ። እሷም መቁጠሪያዋን ታነሣና ትጀምራለች፤ ሁለተኛውን ምሥጢር ሳትጨርስ ታስቀምጠዋለች። ያስቀመጠችው እንቅልፍ አሸንፏት አይደለም፤ የሚሰማት ያለ አልመስል ብሏት ነው።

የሦስት መምህራን ምስክርነት

ለዚህች ሴት ቤተ ክርስቲያን ምን አላት? መጀመሪያ የሚጠቀሰው ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ ነው። በ1548 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ በጸደቀው የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፉ ድርቀትን የነፍስ ጨለማና ሁከት፣ ከፈጣሪ የተለዩ ያህል መሰማት አድርጎ ይገልጸዋል። ሦስት ምክንያቶችም ይሰጠዋል፦ የራስ ስንፍና፣ የእግዚአብሔር ፈተና፣ እንዲሁም መጽናናት የጸጋ ስጦታ እንጂ የድካማችን ደመወዝ አለመሆኑን ማወቅ። ከሦስቱ ጥፋት የሚሆነው አንዱ ብቻ ነው። ብዙ ምእመን ግን ጸሎት ሲደርቅበት ቶሎ ብሎ ኃጢአቱን መቁጠር ይጀምራል። ኢግናጢዮስ በደረቅ ጊዜ ቀድሞ በመጽናናት የተወሰነ በጎ ውሳኔ እንዳይለወጥም ያዛል።

ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል በ1577 የገዛ ማኅበሩ ወንድሞች ቶሌዶ ላይ በጠባብ ክፍል ያሰሩት ሰው ነው። ስለ ነፍስ ሌሊት ያስተማረው ጨለማን በሥጋውም ቀምሶ ነው። ለዚህ ዳሰሳ ትልቁ ነገር ጥንቃቄው ነው። እውነተኛው ሌሊት የሚታወቅባቸውን ሦስት ምልክቶች ያስቀምጣል፦ ነፍስ በእግዚአብሔር ነገርም በዓለም ነገርም ጣዕም ታጣለች፤ እግዚአብሔርን አላገለገልሁም የሚል ሥጋት አይለቃትም፤ እንደ ቀድሞው ማሰላሰል ያቅታታል። ወዲያው ግን ሕመም የሆነ ድባቴ ይህን ሊመስል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ መነኩሴ ይህን ከለየ፣ ዛሬ የታመመችን ሴት ይህ የቅዱሳን መንገድ ነውና ታገሺ ብሎ የሚሸኝ ካህን ምክንያት የለውም።

ሦስተኛዋ ምስክር ለእኛ ቅርብ ናቸው። ማዘር ትሬዛ በ1973 እኅቶቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ የስድስት ኪሎውን ቤት የማያውቅ የከተማው ሰው ጥቂት ነው። የታመመውንና የተጣለውን ሲያነሡ ያያቸው ሰው ልባቸው በእግዚአብሔር መገኘት የሞላ መስሎት ነበር። በ2007 የታተሙት ደብዳቤዎቻቸው ግን ሌላ ነገር አሳዩ። ሥራቸውን ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ በ1997 እስካረፉ ድረስ፣ ከአጭር ዕረፍት በስተቀር፣ እግዚአብሔር እንደሌለ ያህል ይሰማቸው ነበር። ድሆችን ወደ ስድስት ኪሎ ያስገቡት እጆች በዚያው ጨለማ ውስጥ የነበሩ እጆች ናቸው። በ1961 ገደማ ኢየሱሳዊው አባ ዮሴፍ ኖይነር አዳመጧቸው፤ ጨለማው የጥሪያቸው አካል መሆኑንም አስረዷቸው። ከዚያ በኋላ ጨለማው አልተነሣም፤ እሳቸው ግን ሊወዱት ቻሉ። ይህን የሠራው አንድ ካህን በሚግባቡበት ቋንቋ፣ በቂ ጊዜ ሰጥቶ መስማቱ ነው።

ገድል የማይነግረን፣ ዳዊት የማይደብቀን

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊት ምእመን እንግዳ ሊመስላት ይችላል። ያደገችበት የቅድስና ሥዕል ከገድል የተቀዳ ነው። በገድላችን ቅዱሱ ከሰይጣን፣ ከአራዊትና ከንጉሥ ጋር ይታገላል፤ ቆሞ ይጸልያል፣ ይራባል፣ ይገረፋል። በመጨረሻ ጌታ ተገልጦ ቃል ኪዳን ይሰጠዋል። ጸልዮ ጸልዮ ምንም ያልተሰማው ቅዱስ በገድል ውስጥ ስፍራ የለውም ማለት ይቻላል። የካቶሊኮችም ታሪክ አነጋገራችን ከዚህ አልራቀም። በ1855 በሰንሰለት ታስረው የሞቱትንና በ1926 ብፁዕ የተባሉትን የመርጡለ ማርያሙን አባ ገብረ ሚካኤልን ስናነሣ ጽናታቸውን እንተርካለን። በእስር ሌሊቶቻቸው በልባቸው ምን እንዳለፈ ግን አንጠይቅም። በዚህ ዓይነት ትረካ ያደገ ሰው ዝምታ ሲገጥመው፣ ተጥያለሁ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ያው ትውፊት በሌላ እጁ የሚሰጠው ነገር ግን አለ። ዳዊት በየቀኑ ተከፍሎ ሲደገም ከ1 እስከ 30 ያለው የሰኞ ድርሻ ነው። በእኛ አቆጣጠር 21ኛው፣ ጌታ በመስቀል ላይ የጮኸበት የተተወ ሰው መዝሙር፣ በዚሁ ውስጥ ይገኛል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከጨለማ የማይወጣው 87ኛው መዝሙር ደግሞ ሐሙስ ላይ ይውላል። ደጋሚው በዚያ ቀን ደስ ቢለውም ባይለውም የተጣለን ሰው ጸሎት ይጸልያል። እንዲህ ያለው ጸሎት እምነት ሲያልቅ የሚመጣ የክህደት ንግግር ቢሆን ኖሮ፣ የሳምንቱ መደበኛ ጸሎት ውስጥ ባልገባ ነበር።

ሰሙነ ሕማማትም እንዲሁ ነው። ከሰኞ ጀምሮ እስከ ጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ የለም። መስቀል አይሳለሙም፣ ሰው ከሰው አይሳሳምም፣ የሙታን ፍትሐት እንኳ በሆሳዕና ቀድሞ ተደርጎ ያልቃል። ቤተ መቅደሱ ባለበት፣ ካህናቱም ባሉበት መጽናናት ይወሰዳል፤ ሕዝቡ ግን አይበተንም፣ እየሰገደ አብሮ ይቆያል። ከግዕዙ ሥርዓት የወረስነው ይህ ሳምንት፣ የእግዚአብሔር ዝምታ በማኅበር የሚታለፍ መሆኑን ያስተምራል። ካርቲየ 7 ቢስ ያለችው ሴት ያጣችው ዋናው ነገር ይህ ማኅበር ነው፤ ሕማማቷን ብቻዋን ትሰግዳለች።

ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ በሆነው መጽሐፍ የምናውቀው ማር ይስሐቅም እዚህ ይጠራል። ይህ የ7ኛው ክፍለ ዘመን አባት የተወለደው በፋርስ ባሕረ ሰላጤ፣ በዛሬዋ ኳታር አካባቢ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2024 ስሙን በሮም የቅዱሳን መዝገብ አስገብተዋል። ይስሐቅ ጨለማ ለመጣበት መነኩሴ መክሯል፤ መጸለይ ካቃተህ ልብስህን ተከናንበህ ተኛ፣ ጨለማው እስኪያልፍ ግን ከበዓትህ አትውጣ ይላል። ለደከመ ሰው ከዚህ የሚራራ ምክር ማግኘት ይከብዳል።

ዝምታና እጦት

የዳሰሳው ከባድ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። መነኩሴው በዓቱን ራሱ መርጦ የገባ ነው። ደመወዟን የተከለከለች፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት፣ ከቤት እንዳትወጣ የተቆለፈባት ሴት ግን በዓት የላትም፤ ያለችበት ቤት እስር ቤት ነው። ለእሷ አትውጪ ማለት የማር ይስሐቅን ቃል መጠበቅ ሳይሆን ማጣመም ነው። ኢግናጢዮስም ውሳኔህን አትለውጥ ያለው በመጽናናት ለተወሰነ በጎ ውሳኔ እንጂ በችግርና በደላላ ተገፍቶ ለተገባበት ውል አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለች ሴት እግዚአብሔር ራቀኝ ስትል፣ አገልጋዩ ስለ ቅዱሳን ጨለማ ከማውራቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። እንቅልፍና ምግብ ታገኛለች ወይ? የሚመታት ወይም የሚያስፈራራት አለ ወይ? በሚገባት ቋንቋ ከተናዘዘች ስንት ጊዜዋ ነው? ሐዘኑ የጀመረው በጸሎት ነው ወይስ ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ? መልሱ እጦትን ካሳየ የሚያስፈልጋት ሐኪም፣ የሕግ ምክር፣ መጠለያ፣ የሥራ ለውጥ ነው። እነዚህን ማቅረብ የመንፈሳዊ አገልግሎት አካል ነው፤ የጅቡቲ ካሪታስ የጎዳና ልጆችን መንከባከቡም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላም ዝምታው ሊቀር ይችላል። ሥራዋ ተስተካክሎ፣ ጤናዋ ተመልሶ፣ ቅዳሴ ደርሳ መቁጠሪያዋ አሁንም ባዶ ሊሆንባት ይችላል። ያን ጊዜ የዮሐንስ ዘመስቀልና የማዘር ትሬዛ ትምህርት ሙሉ ክብሩን ያገኛል። ስደተኛዋ ስለ ደኽየች ብቻ ጥልቅ መንፈሳዊ ሕይወት አይኖራትም፣ ችግሯ ሁሉ የእንጀራ ነው ብሎ ማሰብም ሌላ በደል ነው። በካርቲየ 7 ቢስ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ያለው የነፍስ ሌሊት በቶሌዶ እስር ቤት ከነበረው አያንስም። ስሜት ሳይረዳት ነገም መቁጠሪያዋን የምታነሣ ሴት የምታደርገው ነገር እምነት የሚባለው ነው፤ ይህን ሊነግራት የሚገባ ሰው አለ።

ሥራው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሠራተኞች በሚያርፉበት ቀን በአማርኛ ጸሎትና ንስሐ የሚደረግበት ሰዓት ይኑር። በዚያ የሚያገለግል ካህን ሲጠፋ የኢትዮጵያ ሀገረ ስብከቶች በዐቢይ ጾምና በሕማማት አንድ ካህን ይላኩ። ምእመናኑም ዳዊትን በየቤታቸው ተሰብስበው ይድገሙ፤ የሰኞውንና የሐሙሱን ሳይዘሉ። ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄዱ ልጆቻችንን የምንሸኝ ካህናት፣ ካቴኪስቶችና ወላጆችም ከመሄዳቸው በፊት እንንገራቸው፦ ጸሎት የሚደርቅበት ቀን ይመጣል፤ ያ ቀን ሲመጣ እግዚአብሔር ጥሏችኋል ማለት አይደለም። ሰው ሲበድላችሁ ግን ዝም አትበሉ።