የቀይ ሹራቡ ሰው ዱላ

ጃክ ለንደን እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመውን «ዘ ኮል ኦፍ ዘ ዋይልድ» ብዙዎች የሚያነቡት እንደ ጀብዱ ታሪክ ነው። እኔ ግን ውሻን ስለ መግራት ከተጻፉ መጻሕፍት ተርታ አስቀምጠዋለሁ።

ባክ ከሴንት በርናርድ አባትና ከስኮትላንድ እረኛ ውሻ የተወለደ ግዙፍ ውሻ ነው። ከካሊፎርኒያ ተሰርቆ ወደ ክሎንዳይክ የወርቅ አገር ሲጋዝ፣ ሲያትል ላይ ቀይ ሹራብ የለበሰ ሰው በዱላ «ይገራዋል»። ዱላው ለመጣው ውሻ ሁሉ አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን ለየቅል። አንዳንዱ ተቀጥቅጦ ሲያበቃ ጅራቱን እየቆላ የደብዳቢውን እጅ ይልሳል። ባክ ይታዘዛል እንጂ አያጎበድድም። አንዱ ደግሞ ሁለቱንም እምቢ ብሎ እዚያው ይሞታል። ደራሲው ይህን በጥቂት መስመር ማለፉ ያስቆጫል፤ ጠባይን ሳይለዩ መግራት የሚያስከፍለው ዋጋ ከመጽሐፉ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና።

ከዚያ በኋላ ለንደን ነገሩን ሁሉ ወደ ደም ይመልሰዋል፤ ዘር ከልጓም ይስባል ባይ ነው። እዚህ ላይ አልከተለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ18,000 በላይ ውሾችን የዳሰሰ ጥናት፣ ዝርያ ከንቱ ነው ባያሰኝም፣ በውሻና በውሻ መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ደግሞስ ራሱ ለንደን በ1906 «ዋይት ፋንግ»ን ሲያሳትም የት ደረሰ? ሦስት አራተኛው ተኩላ የሆነውን፣ ዱላ ያከፋውን እንስሳ፣ ዊደን ስኮት በቁራሽ ሥጋና በትዕግሥት ያቀርበዋል። ውሎ አድሮ እንስሳው ራሱን ከሰውየው ብብት ሥር ይወሽቃል።