የራሱ መሣሪያ የነበረው ባንድ

ስለ ዋልያስ ባንድ ሲወራ ሁለት ነገር ይደጋገማል። አንዱ «ሙዚቃዊ ስልት» የምትባለው ዜማ ናት። ሌላው ስለ ኦርጋን ተጫዋቹ ስለ ኃይሉ መርጊያ የሚመጠጠው ከንፈር ነው፦ «ያ ትልቅ ሙዚቀኛ አሜሪካ ሄዶ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ አይ ስደት!» እህቶቼ፣ እኔ ይሄ ከንፈር መምጠጥ አይዋጥልኝም። ሰው ቤት የምንሠራውን እኛንም የሚያዩን በዚሁ ዓይን ነውና።

ዋልያሶች ሲጀምሩ የብዙ ባንዶች መሣሪያ የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ሙዚቀኛ ባዶ እጁን ይወጣል። ፓስፖርቷ በሰው ሣጥን ውስጥ የተቆለፈባት ሴት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስረጅ አያስፈልጋትም። ዋልያሶች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው በራሳቸው ውል አዲስ አበባ ሒልተን ገቡ። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ ምክንያት እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ድምፃቸውን ያረጋጋው ያ ረጅም ሌሊት ይመስለኛል፤ የሚቸኩል ሰው የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት «ቸ በለው» ዘፋኝ የለውም። «ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሰው ግርማ በየነ ነው። ቤዙና ድራሙ መንገዱን ይጠርጋሉ፣ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ባንድ አፍ ይናገራሉ፣ ኦርጋኑ ደግሞ በመሐል ያጉረመርማል። ብሉዝ የሰማች ሴት ዘመዱን ታገኝበታለች፤ ቅኝቱ ግን የኛው ነው። ጉድለት የለበትም አልልም። አንዳንዱ ቁራጭ የዘፋኙን ዜማ እንዳለ ስለሚከተል «ዘፋኙ የት ሄደ?» ያሰኛል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያልቅ ገሚሱ ሀገሩ ተመለሰ፣ ኃይሉና ግርማን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ይሄን ኪሳራ ማቃለል አይገባም፤ አብሮ ያደገ ድምፅ እንደገና አይሰፋም።

ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ካሴት ቀዳ፦ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የድራም ማሽን። ማሽኑ ደረቅ ነው፣ እንደ ሰው አይተነፍስም። አኮርዲዮኑ ግን ሰው የጠፋበት ቤት ውስጥ እንደሚያንጎራጉር ሰው ነው። እኔ እዚህ ዛኸር ሁሉም ተኝቶ ልብስ ስተኩስ የምሰማው ይሄንን ነው፤ ከ«ቸ በለው»ም አስበልጠዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ለብዙ ዓመታት ታክሲ የነዳው። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይይዝና ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመዳል። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው «ጠፍቶ ተገኘ» ተባለ። የት ጠፋና? ተራውን እየጠበቀ ይጫወት ነበር እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2018 ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ጣቱ አልዛገም። መጨረሻው ላይ ፒያኖ ብቻውን የሚጫወትበት «የፍቅር እንጉርጉሮ» ምስክር ነው።

ከኛ መሐል ጥልፍ የምትችል አለች፣ መጻፍ የምትወድ አለች፣ ክራር የምትነካም አለች። «ሀገሬ ስገባ እጀምረዋለሁ» እንላለን። ድካሙን አውቃለሁ፤ ዕረፍት የሌላት እህት ብዙ ናት፣ እሷን ሰነፍ የሚል አፍ ይያዝ። ነገር ግን ሩብ ሰዓት የምታገኚ ካለሽ ኮንትራቱ እስኪያልቅ አትጠብቂ። መጀመሪያ «ቸ በለው»ን ስሚ፣ ቀጥሎ የ1985ቱን ካሴት፣ ከዚያ «ላላ በሉ»ን። በዚህ ቅደም ተከተል ስትሰሚው ታክሲው የሰውየው መጨረሻ እንዳልነበረ ጆሮሽ ራሱ ይነግርሻል።