የአንድ መስመር ጥገና በምን ይመዘናል?

«አሁን ይሠራል» ለከርነል ጥገና የማይበቃ ምስክርነት ነው። ጉድለቱ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ተቀምጦ የፕሮሰሰሩን ሬጅስተር የሚያበላሽ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ቀኑን ሙሉ በትክክል ሲሠራ ውሎ ማታ የተሳሳተ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል፤ የሚወድቀውም ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቦታ ርቆ ነው። ለምርመራ ተብሎ አንዲት የህትመት ትእዛዝ ስትጨመርበት እንኳ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ይለወጥና ስሕተቱ ይሰወራል። በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ የሚሄድ ነገር ጠፋ ማለት ተጠገነ ማለት አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ መመዘን ያለበት ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረና እስከዚያ ድረስ ለምን ሳይታይ እንደቆየ አጥርቶ በማስረዳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በሊኑክስ ከርነል ላይ የተደረገው የአንድ መስመር ጥገና ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

የባቲን የሰኞ ገበያ እናስብ። አንድ እህል ነጋዴ ባለችው አንዲት ሚዛን የብዙ ሰው እህል ይመዝናል እንበል። ሚዛኗ ላይ ያለው የማን እንደሆነ እንዳይጠፋው የባለቤቱን ስም አጠገቧ ባለ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ ስሙ ያው ከሆነ እህሉን አውርዶ እንደገና መጫን አያስፈልገውም። ሬጅስተርም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስሌት የሚካሄድባት ጠባብ ቦታ ናት፤ ፕሮግራሞች በየተራ ይጠቀሙባታል፣ ከርነሉም የአንዱን ይዘት ማህደረ ትውስታ ላይ አስቀምጦ የሌላውን ይጭናል። በጁላይ 2019 የወጣው ሊኑክስ 5.2 የሒሳብና የቬክተር ሬጅስተሮችን ጭነት ከርነሉ ወደ ፕሮግራሙ እስኪመለስ ድረስ ማዘግየት ጀመረ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት ከርነሉ ለአንድ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ የማይለወጠው «የባለቤቱ ስም» ከዚያ ወዲህ በመሐል የሚለወጥ ሆነ። ኮዱ ደግሞ ስሙ አንዴ ተነቦ እንዲያዝ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ኮምፓይለር የሚፈቅድ የቆየ የንባብ ስልት ይጠቀም ነበር። ፈቃዱን ያነሳው ሰው አልነበረም።

ችግሩን ያጋለጡት የጎ ፕሮግራም ቋንቋ ሠሪዎች ናቸው። ያዘጋጁት የነበረው ጎ 1.14 ሥራዎቹን በሲግናል፣ ማለትም በከርነሉ በኩል በሚደርስ ማቋረጫ መልእክት፣ እያቋረጠ ያፈራርቅ ስለነበር ሲግናል እንደ ዝናብ ይወርድ ጀመር። ከርነሉ ሲግናል ሲያደርስ የሬጅስተሮቹን ይዘት በፕሮግራሙ ስታክ (የጊዜያዊ ሥራ ማህደረ ትውስታው) ላይ ይጽፋል። የስታኩ ገጽ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ከሌለ ጽሕፈቱ ይከሽፋል፤ ከርነሉ ገጹን ያመጣና እንደገና ይሞክራል። በዚያች ክፍተት ሌላ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ወስዶ የራሱን ይጭናል። ጂሲሲ 9 የተባለው ኮምፓይለር ስሙን ከክፍተቱ በፊት አንብቦ ይዞት ስለነበር ሁለተኛው ሙከራ ሰሌዳውን ዳግም አላየም፤ የሌላው እህል በመጀመሪያው ሰው ስም ተመዘገበ። 256 ቢት ስፋት ያላቸው የቬክተር ሬጅስተሮች የተበላሹት እንዲህ ነው።

የሥራው ጥራት መታየት የሚጀምረው ፍለጋው ላይ ነው። መርማሪዎቹ ስሕተቱን ከጎ አላቅቀው በትንሽ የሲ ፕሮግራም እንደገና አስነሱት፤ በፈለጉት ጊዜ ሊቀሰቅሱት ከቻሉ ወዲያ ግምት አላስፈለጋቸውም። የከርነሉን ታሪክ እኩል እየከፈሉ ሲፈትሹ ገጹን አምጥቶ ዳግም መሞከርን ያስገባው ለውጥ ላይ ደረሱ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰነፍ ጠጋኝ ፍለጋው በጣለው ቦታ ይቆምና ያንን ለውጥ ይሰርዛል። ሴባስቲያን አንድርዜይ ሲቪዮር በኖቬምበር 2019 ያቀረበው ጥገና ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ጥፋቱን ጭነትን ያዘገየው ለውጥ ላይ አሳረፈ፤ የተሰበረው እምነት ያለው እዚያ ነበርና። በኮዱ የተለወጠው አንድ መስመር ነው፤ አስቀምጦ ለመያዝ የሚፈቅደው ንባብ በየጊዜው ዳግም በሚያነብ ተተካ። ማብራሪያው ግን ክስተቶቹን በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፣ ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ኮድ ያሳያል፣ የምርመራውንም ድካም ለኦስቲን ክሌመንትስ፣ ለዴቪድ ቼዝና ለኢያን ላንስ ቴይለር በስማቸው ይሰጣል።

ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው፣ በጂሲሲ 8 መሥራት ይበቃ ነበር የሚል ሊኖር ይችላል። ጂሲሲ 9 ያደረገው የተፈቀደለትን ነው፤ ጂሲሲ 8 ስሕተቱን ሸፈነው እንጂ አላስወገደውም። የሁለቱ ልዩነት ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ያው ማሽን በአንደኛው ሲያጠፋ በሌላው ካላጠፋ ጣት ወደ ሃርድዌሩ አይቀሰርም። ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም፤ በ2023 ይፋ የሆነው ዜንብሊድ የተባለ ጉድለት የኤኤምዲ ዜን 2 ፕሮሰሰሮች ራሳቸው የቬክተር ሬጅስተር ይዘት እንደሚያሾልኩ አሳይቷል። ለምን ከነጭራሹ ጭነቱን ማዘግየቱ አይቀርም የሚለው ጥያቄም የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ያ የአንድ ንባብን ስሕተት ለማረም የሁሉንም ፍጥነት መቀነስ ነው። ጎ በበኩሉ ከርነሉ ባልተጠገነባቸው ማሽኖች ላይ የስታኩን ገጽ ቆልፎ ችግሩን ለመዝለል ሞከረ፤ ይህ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ከቁልፍ ማህደረ ትውስታ ገደብ ጋር ተጋጨ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ቢባልም፣ ጊዜያዊነቱንና የሚመለከታቸውን የከርነል ስሪቶች በግልጽ የተናገረ ማስታገሻ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ራሱን መድኃኒት ብሎ የሚጠራው ነው።

ይህ ሁሉ ለከሚሴ ሰው ምኑ ነው የሚል ተቃውሞም ይነሳል። ከርነል የማይጽፍ ሰው የከርነል ጥገና ሊመዝን አይችልም የሚለው ግምት ትክክል አይመስለኝም። የሊኑክስ ታሪክ ክፍት ነው፤ አንዴ ጊት በተባለው የኮድ ታሪክ መዝጋቢ ከተገለበጠ መስመር በተቋረጠበት ቀንም ከእነ ማብራሪያው ይነበባል። ከኦሮሚያ ዞን ወጥቶ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ወጣት የ2019ኙን ማብራሪያ አንብቦ ለጓደኛው በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ማን መቼ ምን እንዳነበበና በመሐል ምን እንደተለወጠ መልሶ መናገር ከቻለ ማብራሪያው ፈተናውን አልፏል። «አንዳንድ ችግሮች ተስተካክለዋል» የሚል ጥገና ግን መልሶ ለመናገር የሚሆን ነገር የለውም፤ ኮዱ ትክክል ቢሆን እንኳ ከአንባቢው ሙሉ ነጥብ ማግኘት የለበትም።

ስልኮች የሚሠሩበት የአርም ፕሮሰሰር በዚህ ስሕተት አልተነካም፤ የተነካው የኤክስ86 ነው። ጥገናው በሊኑክስ 5.3.15 እና 5.4.2 ገብቷል። ቢሮው ውስጥ ከ5.2 እስከ 5.3.14፣ ወይም 5.4.0 ወይም 5.4.1 ከርነል የያዘ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው አንባቢ አከፋፋዩ ጥገናውን ጨምሮለት እንደሆነ ይመልከት፤ ካልጨመረለት ያዘምነው።