«ባለሙያ» ነው፣ «ባለሙያ» ናት፤ በአንድ ቃል ውስጥ ስላለ የፍች ልዩነት

«ባለሙያ» የሚለው ቃል በጾታ ለሁለት የተከፈለ ፍች ይዞ ይገኛል። ወንድ «ባለሙያ ነው» ሲባል ሰሚው «የምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም የእንጨት ሥራ፣ የሕግ፣ የሕክምና ወይም የሌላ ሊሆን ይችላል። ሴት «ባለሙያ ናት» ስትባል ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂ የለም። ወጥ መሥራት፣ እንጀራ መጋገር፣ ጠላ መጥመቅ፣ ጥጥ መፍተል መቻሏ እንደ ታወቀ ይቆጠራል። የዶሮዋን ዐሥራ ሁለት ብልት በወጉ ማውጣትም የዚሁ ሙያ መፈተኛ ነው። እንግዲህ ቃሉ ለወንዱ መምረጫ ሲተውለት፣ ለሴቷ ምርጫውን ጨርሶ ያቀርብላታል።

ይህ ልዩነት በሥነ ጽሑፍ ውስጥ ምን መልክ እንዳለው ለማየት፣ ታሪኩ በአብዛኛው በጎጃም የሚፈጸመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንሳት ይበቃል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለዱን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት። በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስላነበበው፣ መጽሐፉን በእጃቸው ያልያዙ ሰዎች እንኳ ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቋታል።

የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት ባል የለም በማለት ጠያቂዎችን ይመልሳሉ። በዚህም የተነሣ ልጅቱ በልማዱ የተወሰነው የጋብቻ ዕድሜ ያልፍባታል። አባትየው ሲኮሩ፣ የኩራቱን ዋጋ የምትከፍለው እርሷ ናት። «ቆሞ ቀር» የሚለው ቃል በሰዋስው ረገድ ለሁለቱም ጾታ ይስማማል፤ በአነጋገር ግን ሸክሙ የሚከብደው በሴቷ ላይ ነው።

ደራሲው ይህን ልማድ አጋለጡት እንጂ አልደገፉትም። በጉዱ ካሣ አንደበት የዘር ትምክሕትን አጥብቀው ነቅፈዋል። ይሁንና ነቀፌታው የዘርን ግንብ የመታውን ያህል የጾታን ግንብ አልመታም። ሰብለ ወንጌል ከበዛብህ ፊደል ትማራለች፤ ትምህርቱ ፍቅርን ሲወልድ እናያለን፤ የሙያ በር ሲከፍትላት ግን አናይም። ከአባቷ ቤት ወጥታ ፍቅሯን ለመከተል የቆረጠችው ይህች ሴት፣ በፍጻሜው የምታገኘው ነጻነት ምንኩስናና መቃብር ብቻ ነው። ይህም የደራሲው ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ሴት ከትዳርና ከምንኩስና በቀር ሦስተኛ ስፍራ እንዳላት አጥርቶ የሚናገር ቃል በዘመኑ ልማድ ውስጥ እምብዛም አልነበረምና።

ቃሉ አልነበረም ማለት ግን ሰዋ አልነበረችም ማለት አይደለም። በዚያው በጎጃም፣ በ20ኛው መቶ ዘመን፣ ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ኖረዋል። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ጉባኤ ዘርግተው ለብዙ ወንዶች ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። በተራው አነጋገር ማንም እርሳቸውን «ባለሙያ ሴት» ቢላቸው፣ ሰሚው የሚያስበው ስለ ወጣቸው ነው። «እማሆይ» የሚለው መጠሪያም መመንኮሳቸውን ይነግረናል እንጂ ዕውቀታቸውን አይነግረንም፤ በአንጻሩ «መሪጌታ» የሚለው የወንድ ማዕረግ ዕውቀትን ራሱን ይጠራል። አንዲት ሴት ከዚህ ወሰን አልፋ በድፍረት ወይም በብልሃት ብትታይ እንኳ፣ የሚሰጣት ምስጋና «ወንድ ናት» የሚል ነው። ምስጋናው ራሱ ከጾታዋ ያስወጣታል።

ይህ ጉዳይ መዝገበ ቃላት አዘጋጁንም ተርጓሚውንም ይመለከታል። የተሰማ ሀብተ ሚካኤል (1951 ዓ.ም.)፣ የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.)፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል (1993 ዓ.ም.) መዛግብተ ቃላት ትልቅ ሀብት ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ የሚሠራ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ቢያስብባቸው መልካም ነው። አንደኛ፣ የቃሉ ዋና ፍች «በአንድ ሥራ ዕውቀትና ልምድ ያለው ወይም ያላት» ተብሎ ለሁለቱም ጾታ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የጓዳው ፍች አይሰረዝ፤ ሕዝብ የሚናገረውን መደበቅ የመዝገበ ቃላት ሥራ አይደለምና። ነገር ግን «በልማድ፣ ስለ ሴት ሲነገር» የሚል ምልክት ይደረግበት። ሦስተኛ፣ የምሳሌ ዐረፍተ ነገሮች ይመርመሩ፤ በምሳሌው ሁሉ ወንዱ ሲፈርድና ሲያርስ ሴቷ ስትጋግር ብቻ የምትታይ ከሆነ፣ ፍቹ ያቀናውን ምሳሌው ያጣምመዋል።

ተርጓሚውም እንዲሁ መጠንቀቅ አለበት። «ባለሙያ ናት» የሚለውን ሁልጊዜ «ጎበዝ የቤት እመቤት» በሚል ፍች ቢመልሰው፣ የግብርናዋንም የሕግዋንም ባለሙያ ወደ ጓዳ ይመልሳታል። ሁልጊዜ «የሥራ ዐዋቂ» በሚል ቢመልሰው ደግሞ፣ የድሮው ዐረፍተ ነገር የያዘውን ልማድ ይሰውረዋል። ዐውዱን መርምሮ መወሰን ግዴታው ነው።

ዛሬ በደብረ ማርቆስ አንዲት ሴት በመሥሪያ ቤቷ «የግብርና ባለሙያ» ተብላ ትጠራለች። ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ በዚያው ቃል ስለ ዶሮ ወጧ ትመዘናለች። ሁለቱንም ብትችል የሚነቅፋት የለም፤ አንዱን ብቻ ብትመርጥ ግን «ሙያ የላትም» የምትባለው እርሷ ናት፤ ባሏ አይባልም። ቃሉ ለእርሷም «የምን?» የሚል ጥያቄ የሚያስነሣ እስኪሆን ድረስ፣ የዚህ ቃል ፍች በሚገባ ተጠንቷል ማለት አይቻልም።